ደም ስለ ጀርባ አጥንት ምን ይነግረናል?

ሰው በእርጅናው ቢጎብጥ የሚደነቅ የለም። ነገር ግን በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ሌሊት በወገብ ሕመም የሚነቃ፥ ማለዳም ደርቆ የሚነሣ፥ ሲንቀሳቀስ ግን የሚሻለው ከሆነ፥ ነገሩ የድካም ብቻ ነው ብለን ማለፍ አይገባንም። ሲያርፉ የሚብስ ሲሠሩ የሚቀል ሕመም፥ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የተባለውን የአከርካሪ ብግነት ያስጠረጥራል።

የዚህ በሽታ ጠባይ እንግዳ ነው። አጥንትን በአንድ ወገን እየበላ፥ በሌላው ወገን በማይገባ ስፍራ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጅማት ከአጥንት በሚጣበቅበት ዳርቻ የበቀለው አጥንት ከአንጓ ወደ አንጓ ድልድይ ይሆናል፤ በጸናበትም ሰው አከርካሪው እንደ አንድ ዘንግ ይገጥማል። አየርላንዳዊው ሐኪም በርናርድ ኮነር በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ አገር የተገኘ እንዲህ ያለ አፅም ገልጾ ጽፏል።

ድልድዩ በራጅ የሚታየው ከተሠራ በኋላ ነው፤ እድገቱንም ለመለየት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊቃውንት አስቀድሞ የሚናገር ምልክት በደም ውስጥ ይሻሉ። ስክሌሮስቲንና ዲኬኬ-1 የተባሉት ፕሮቲኖች አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን እንደ ልጓም ይገታሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ዲኬኬ-1 የታገደባቸው አይጦች መገጣጠሚያቸው አጥንት ከማጣት ይልቅ አዲስ አጥንት ወደ መሥራት ዞረ፤ በ2009ም ስክሌሮስቲን በደማቸው ያነሰ በሽተኞች አዲስ አጥንት ማብቀላቸው ታየ። ይሁን እንጂ ሌሎች ጥናቶች ሁልጊዜ አላጸኑትም። ይህም አያስገርመንም፤ እነዚህ ፕሮቲኖች ወደ ደም የሚገቡት ከታመመው አንጓ ብቻ አይደለምና። ደግሞም የልጓሙ መጠን ብዙ ሆኖ ኃይሉ የደከመ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን በየሐኪም ቤቱ የሚያገለግለው ሲአርፒ የተባለው ተራ የብግነት ምርመራ ነው። ሲአርፒው ከፍ ያለ፥ በራጁ ድልድይ የጀመረ፥ ትምባሆም የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ፈጥኖ እንደሚያድግ ታውቋል። በ1973 ከበሽታው ጋራ ዝምድናው የተገለጸው ኤችኤልኤ-ቢ27 ግን ከወላጅ የሚወረስ ነው፤ ከያዙትም አብዛኞቹ ከቶ አይታመሙም።

በርካታ በሽተኞች ሲአርፒያቸው ደኅና ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «ደምህ ንጹሕ ነው» ተብሎ የተሰናበተ ወጣት ሕመሙ ከሦስት ወር ካለፈ፥ ዳሌው ከአከርካሪው የሚጋጠምበት ስፍራ በራጅ፥ ቢቻልም በኤምአርአይ እንዲታይለት ሐኪሙን ይጠይቅ እንላለን። ትምባሆውን ለመተው ግን ውጤቱን አይጠብቅ።