ሁለት ዓይነት ሰልፍ

መንግሥት ሲታመን መራጭ ይበዛል፥ እምነት ሲጎድል መራጭ ያንሳል የሚለው ሐሳብ በመካከላችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ወደ አብርሃ ጅራ ወስደን ብንፈትነው ይሰናከላል።

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ሰሊጥ አብቃይ ቆላ ሲሆን በምዕራብ በኩል ከሱዳን ይዋሰናል። የዚያ አገር ገበሬ መንግሥትን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዝነው መሬቴን ይጠብቅልኛል ወይ በማለት ነው። በ2000 ዓ. ም. ስለ ድንበሩ ከሱዳን ጋር የተደረገው ንግግር ለሕዝብ በግልጥ ስላልተነገረ፥ መሬታችን ተሰጠ የሚል ብርቱ ቅሬታ ተነሣ። እንግዲህ ደንቡ እውነት ቢሆን፥ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ምርጫ ቅር ያለው ሰው ቤቱ መቅረት ነበረበት። ነገር ግን በመላ አገሪቱ ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ 90 በላይ ድምፅ ሰጠ ተባለ፤ ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ፤ የአማራ ክልል ወንበርም አንድ ሳይቀር በዚያው ውስጥ ነበረ። በግንቦት 2007 ዓ. ም. ደግሞ ተቃዋሚ አንድም ወንበር አላገኘ። ከዐሥራ አራት ወር በኋላ፥ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ. ም.፥ የጎንደር ሕዝብ ለሌላ ዓይነት ሰልፍ ወጣ።

ታዲያ ወደ ሣጥኑ የወሰደው ምን ነበር? በገጠር ብድሩም፥ የመሬት ደብተሩም በቀበሌ በኩል ያልፋል፤ አንድ ለአምስት በተደራጀ ሰፈር ደግሞ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ሁሉም በፍርሃት መረጠ አልልም፤ «ከቀበሌ ጋር ምን አጣላኝ» የሚል ጥንቃቄ ግን እምነት ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። በአውስትራሊያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1924 ጀምሮ ያልመረጠ ይቀጣልና፥ የመራጩ ብዛት በከፊል የሕግ ፍሬ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ. ም. ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ያን ቀን ገና ሳይነጋ ከተሰለፈው ብዙው የወጣው መንግሥትን አምኖ ሳይሆን ሣጥኑን አምኖ ነው፤ ተቃዋሚዎችም ከ170 በላይ ወንበር አገኙ። ቀጥሎ የመጣው ግድያና እስራት ያን እምነት ሰበረው፤ የመራጩን ቁጥር ግን አልቀነሰውም። ሁለቱን እምነቶች ሳንለይ መቶኛ ብናሰላ ድካማችን ከንቱ ነው።

መቶኛውም ራሱ የሚሰላው ከተመዘገበው እንጂ መምረጥ ከሚገባው ሁሉ አይደለም። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ያሻል። ስለዚህ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ከደጋ ወደ አብርሃ ጅራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፥ ስሙ በአገሩ መዝገብ ካልሰፈረ፥ ከመረጡትም ከቀሩትም ጋር አይቆጠርም።