ሁለት ፍላሽ ያዢ

ቆዪ፣ ያንን ቁልፍ አትጫኚው! እጅሽን አንሺና መጀመሪያ ንገሪኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ሌላ ቦታ ተቀምጧል? ያለው እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ ኡቡንቱ ሊኑክስን አንጭንም።

እኔ ቡራዩ ሳለን መጀመሪያ ስጭን የነበረኝ አንድ ፍላሽ ነው። ፎቶዎቼን ገለበጥኩበትና መልሼ እዚያው ላይ ኡቡንቱን ጻፍኩበት። መጫኛው ሲጻፍ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ማን ነግሮኝ! ላፕቶፑንም ሙሉ በሙሉ አጽድቼው ነበር። የአባባ የመጨረሻ ፋሲካ ፎቶዎች በዚያው ቀሩ። አንቺ ሁለት ፍላሽ ያዢ፤ አንዱ ለፋይሎችሽ፣ አንዱ ለመጫኛው። ለመጫኛው 8 ጊጋ ይበቃል።

ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋ ስለሚጠጋ ሱሉልታ ቁጭ ብለሽ በሞባይል ዳታ አትታገዪ፤ አዲስ አበባ ስትገቢ ዋይፋይ ያለው ሰው ጋ አውርጂው። የላፕቶፕሽ ራም 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይቀልለዋል። ልፋቱ ለከንቱ አይደለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከነቫይረሱ ተሸክመሽ እንድትኖሪ አልፈልግም። ኡቡንቱ ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉ ክፍት ነው፤ ማሻሻያውም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይመጣልሻል።

መጫኛው የተጻፈበትን ፍላሽ ሰክተሽ ላፕቶፑን ስታበሪው ኤፍ 12ን ደጋግመሽ ተጫኚ፤ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9 ነው። ከዚያ «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ምረጪ። ዲስክሽን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ ቀስ ይላል፣ አትደንግጪ። ድምፁን ሞክሪ፣ ኪቦርዱ ላይ አማርኛ ጨምሪና ስምሽን ጻፊበት። ዋይፋዩ አልታይ ካለ ስልክሽን በገመድ ሰክተሽ ኢንተርኔት አጋሪው።

ይህን ሁሉ ካየሽ በኋላ ነው መጫኑ። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ጋ ስትደርሺ እጅሽን ሰብስቢ፤ እሱ ዊንዶውሱንም ፋይሉንም ይጠርጋል። «አሎንግሳይድ» የሚለው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያኖርልሻል። ግን የዊንዶውስን ቦታ እያጠበበ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት ሁለቱም ሊበላሹ ይችላሉ። እዚህ መብራት ሲሄድ ተናግሮ አይሄድም፤ ባትሪሽ ሳይሞላ እንዳትጀምሪ።

ባትሪው ስንት ይላል? 41? ሰክተሽው እስኪሞላ ፋይሎችሽን ገልብጪ፣ እኔ ሻይ ልጣድ።