አንድ ገመድ፣ እጥፍ ጉልበት

ከመንገድ ወጥቶ ተዳፋት ላይ የቀረን መኪና ማውጣት ለተመልካች የጡንቻና የድፍረት ሥራ ሊመስል ይችላል። በብሪታኒያ ግን ሙያው መመዘኛ አለው፤ የአገሪቱ የደረጃዎች ተቋም ያወጣው ፓስ 43 የተሰኘው ሰነድ የሠራተኞችን ሥልጠናና ብቃት፣ የመሣሪያዎችንም ሁኔታ ይመለከታል። ሥልጠናው ለምን አስፈለገ? መልሱን በፊዚክስ እንፈልገው።

1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 30 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ይገኛል እንበል። ሰበቃን ብንተው፣ ወደ ላይ በዝግታ ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት 1500 × 9.8 × 0.5 = 7350 ኒውተን ነው። የገመዱም ውጥረት ይኸው ነው።

ጎታቹ ተሽከርካሪ ከላይ የሚቆምበት ስፍራ ቢያጣ፣ ገመዱ ከዛፍ ግንድ ጋር በታሰረ ፑሊ ዞሮ ወደ እርሱ ይመለሳል። ግንዱ የሚሸከመው ምን ያህል ነው? 7350 ኒውተን የሚል ተማሪ ተሳስቷል። ፑሊውን የሚስቡት ሁለቱም የገመዱ ክንዶች ናቸው። ክንዶቹ ትይዩ ሲሆኑ ጫናው 14700 ኒውተን ይደርሳል፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲሆን ወደ 10400፣ 120 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 7350 ኒውተን ይሆናል።

እንግዲህ ለገመዱ ውጥረት ብቻ ተመጥኖ የተመረጠ ማሰሪያ ሊበጠስ ይችላል። በዚያች ቅጽበት በተወጠረው ገመድ የተጠራቀመው አቅም ፑሊውን ያስወነጭፈዋል፤ በአቅጣጫው የቆመ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ያሰላል፤ ተመልካቾችንም ያርቃል።

መልመጃ፦ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ ግንዱ ስንት ኒውተን ይሸከማል?