ክረምት ሲወጣ፦ ገበያና ዘመድ ጥየቃ

ክረምት ዘመድን ከዘመድ ይለያል። ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ አረሙ ፋታ አይሰጥም። ወንዝ ማዶ ያገባች እኅት ብትወልድ እንኳ ገንፎ ይዞ የሚደርስላት ወንድም አይኖርም። የታመመ አጎት ቢኖር ወሬው የሚሰማው ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

መስከረም ሲጠባ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ወንዙ ይጎድላል። ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል። የበቆሎውና የባቄላው እሸት ይደርሳል። ያን ጊዜ የሰው ልብ ለመንገድ ይነሣሣል። አንዱ ለመስቀል ወደ እናቱ አገር ይሄዳል። ሌላው ለአያቱ ቡና ቋጥሮ ይወጣል።

ባገራችን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወቅት መጸው ይባላል። አረሙ አልቆ አጨዳው እስኪጀመር ድረስ፣ በተለይ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ ለአርሶ አደር ትንሽ የዕረፍት ጊዜ አለ። ዛሬ የምንማረው ይህን ጊዜ ስለ መደሰቻ ነው። ደስታው እንዳይጎዳንም ምን ማድረግ እንዳለብን አብረን እናያለን።

ገበያ ምን ያደርጋል?

ገበያ የሚኬደው ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ አይደለም። ገበያ የዘመድ መገናኛ ነው። ወሬ የሚሰማው፣ ጠብ የሚበርደው፣ ወጣቱ የሚተያየው በገበያ ነው።

የባቲን ገበያ እንውሰድ። ባቲ በወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ትገኛለች። ገበያዋ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። ከአፋር በረሃ ግመልና ፍየል ይመጣል። ከደጋው እህልና ቅመማ ቅመም ይወርዳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገሩ ሰዎች ባንድ ሜዳ ላይ ይገበያያሉ። ቋንቋቸው ቢለያይም ተግባብተው፣ ተሳስቀውና ቡና ተጠራርተው ይለያያሉ። ከባቲ ገበያ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። አንዱ ያለ ሌላው መኖር አይችልም። የደጋው ሰው ግመል የለውም፤ የበረሃው ሰው ደግሞ ጤፍ የለውም።

በጉራጌ አገር ደግሞ መስቀል ትልቁ የመገናኛ በዓል ነው። በአዲስ አበባና በሌላ ከተማ የሚሠሩት ልጆች ለመስቀል ወደ ትውልድ አገራቸው ይመለሳሉ። እናቶች ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ አስቀድመው ያጠራቅማሉ። ልብ በሉ፤ ድግሱ የመስከረም ቢሆንም ዝግጅቱ የሚጀመረው ከብዙ ወር በፊት ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

ፊደል በገበያ መሀል

ፊደል ስናስቆጥር ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። "ማንበብና መጻፍ ለገበሬ ምን ይሠራለታል?" ይባላል። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጥቷል። ብዙ ሰው ፊደል ለይቷል። ነገር ግን ያወቀውን በሥራ ላይ ሳያውለው ቀርቶ መልሶ የረሳም ብዙ ነው። ማረሻ ካላረሱበት ይዝጋል፤ ፊደልም እንዲሁ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ የምንሠራበት ቦታ ገበያ ይሁን። ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለን እንጻፍ። ዋጋው ለምሳሌ ብቻ የቀረበ ነው።

የሚሸጥ
2 ዶሮ፣ አንዱ በ500 ብር = 1,000 ብር
20 እንቁላል፣ አንዱ በ15 ብር = 300 ብር
ድምር = 1,300 ብር

የሚገዛ
ጨው = 60 ብር
ዘይት = 500 ብር
ደብተርና እርሳስ = 200 ብር
ለአያት የሚወሰድ ቡና = 300 ብር
ድምር = 1,060 ብር

ቀሪ = 240 ብር

ይህ ወረቀት ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ገበያው ሞቅ ሲል ዓይን ብዙ ነገር ያያል። ወረቀት የሌለው ሰው የልጁን ደብተር ረስቶ ጠላ ቤት ሊገባ ይችላል። ወረቀት ያለው ግን "ቀሪዬ 240 ብር ነው፤ ከዚህ አላልፍም" ይላል።

ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው። ቁና ካገር አገር ይለያያል። የአንዱ ቁና ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ ነው። ኪሎ ግን በየትም ቦታ አንድ ነው። ስለዚህ እህል ስንሸጥ በኪሎ ይሁን እንበል። ከመጫኑ በፊት የሚዛኑ ቀስት ዜሮ ላይ መቆሙን እንይ። ቁጥሩን ራሳችን እናንብብ። ነጋዴው ቢቆጣ ምን ይደረግ? ላባችንን ያፈሰስንበት እህል ነውና መጠየቅ ነውር አይደለም።

የመስከረም ብድር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። መስከረም የደስታ ወር ነው። ግን ደግሞ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። ያምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አልተሰበሰበም። የእህል ዋጋ ይወደዳል። እንግዳ ግን ይመጣል። "ዘመዶቼ ባዶ ቤት አይመለሱም" ብሎ አባወራው ገንዘብ በአራጣ ይበደራል። ብድሩን የሚከፍለው እህል ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ሰው ስለሚሸጥ ዋጋው ይረክሳል።

ይህን በቁጥር እናስላው። አንድ ሰው ለድግስ 2,000 ብር ተበደረ እንበል። በመስከረም አንድ ኪሎ ማሽላ 50 ብር ቢሆን፣ 2,000 ብር የ40 ኪሎ ዋጋ ነው። አበዳሪው በጥር ወር 500 ብር ጨምረህ ክፈለኝ ይላል። ዕዳው 2,500 ብር ሆነ። በጥር ማሽላው ወርዶ በ40 ብር ቢሸጥ፣ ዕዳውን ለመክፈል 62 ኪሎ ተኩል መሸጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ 22 ኪሎ ተኩል እህል በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ይህ ልጆች ሊበሉት ይችሉ የነበረ እህል ነው። ያንን ያህል የበላው እንግዳው አይደለም፤ አራጣው ነው።

ታዲያ አንደግስ? ዘመድ አንጥራ? አይደለም። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ" ይባላል። ዘመድ የሌለው ሰው በችግር ቀን ብቻውን ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ማሰብ ነው። እህል ከገባበት ከጥር ጀምሮ እስከ ነሐሴ 8 ወር አለ። በየወሩ 250 ብር ብናስቀምጥ 2,000 ብር ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ካቃተው ጎረቤት ተሰብስቦ ለመስቀል የሚሆን ዕቁብ ይጣል። በሬውንም ለየብቻ ሳይሆን በቅርጫ እናርደው። የጉራጌ እናቶች ቅቤያቸውን ቀደም ብለው የሚያጠራቅሙት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

እንግዳም ሆነን ስንሄድ ባዶ እጃችንን አንሂድ። እሸት ያለው እሸት፣ ቡና ያለው ቡና ይያዝ። ሦስት ቀን የምንቆይ ከሆነ ሦስት ሰው የሚበላውን ማሰብ የእኛም ፈንታ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይደሰታል እንላለን። እውነት ሁሉም ይደሰታል? የቤቱ እመቤት ሌሊት ትነሣለች። ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ጨዋታው ሲደምቅ እሷ ጭስ ውስጥ ናት። ዘመዶቿ መጥተው እንኳ ሳታጫውታቸው ይሄዳሉ። ይህ ተገቢ አይደለም። ወንዱ ውሃ ቢቀዳ፣ እንጨት ቢፈልጥ፣ ቡናውን ቢቆላ ክብሩ አይቀንስም። ደስታ የሁሉም እንዲሆን ሥራውም የሁሉም ይሁን።

እሸትና ወባ

በመጸው ወራት ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የወባ ጊዜ ይኸው ነው። ክረምቱ ሲወጣ ያቆረው ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ስለዚህ ባብዛኛው ያገራችን ክፍል ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው።

በብዙ ቦታ "ወባ የሚይዘው የበቆሎ እሸት በባዶ ሆድ የበላ ሰው ነው" ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ለምን እንደተባለ ግን ማስረዳት ይቻላል። እሸቱ የሚደርሰው በመስከረም ነው፤ ወባም የሚነሣው በመስከረም ነው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ስለሚመጡ ሰው አንዱን የሌላው ምክንያት አደረገው። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። የምትነድፈውም በተለይ በማታና በሌሊት ነው። እሸቱን በደስታ ብሉ፤ ከትንኟ ግን ተጠንቀቁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ባገራችን ትልቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ወረርሽኙ ቆላውን ብቻ ሳይሆን ወባን እምብዛም የማያውቀውን ከፍ ያለ ቦታ ጭምር አዳርሷል።

ስለዚህ ወደ ቆላ ዘመድ ስንሄድ አጎበር ይዘን እንሂድ፤ ወይም ቤተ ዘመዱ አጎበር እንዲያዘጋጅልን አስቀድመን እንንገር። አጎበሩ የሚበቃው ለጥቂት ሰው ከሆነ መጀመሪያ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ይተኙበት። ወባ እንደተነደፍን ወዲያው አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነው። ሰውየው ወደ ደጋ ተመልሶ ገበያውን ረስቶታል። ያን ጊዜ ብርድ ብርድ ሲለው፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲይዘው "ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ነው" ይላል። እንዲህ ብሎ መተኛት ሞት ያመጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። "ከቆላ መጥቼ ነበር" ብሎ መናገርም አይረሳ። ደም ተመርምሮ ወባ ከሆነ መድኃኒት አለው።

ለዘመድ ደብዳቤ

መንገድ ከመጀመራችን በፊት ደብዳቤ እንላክ። ገበያ የሚሄድ ሰው ያደርስልናል። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

"ይድረስ ለውድ አጎቴ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መንገዱ ስለ ደረቀ በጥቅምት 5 ቀን እኔና ልጆቼ መጥተን እንጠይቅዎታለን። የምናድረው ሁለት ሌሊት ነው። አጎበር ይዘን እንመጣለን። አያቴንም ከእርስዎ ቤት ባገኛት ደስ ይለኛል፤ የምጠይቃት ነገር አለኝ። ከእኅትዎ ልጅ።"

ይህ ደብዳቤ አጭር ነው። ግን ቀኑን፣ የሰውን ብዛትና የሌሊቱን ቁጥር ይናገራል። አጎት በድንገት አይጨነቁም።

አያትን የምንጠይቃት ምንድነው?

በብዙ አገራችን ክፍል ሰው ከመጋባቱ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ከእነሱ አፍ በቀር የትም አልተጻፈም። አንዲት አያት ስታርፍ የዘር ቆጠራው አብሮ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ "እነ እገሌ ዘመዳችን ናቸው ወይስ አይደሉም?" የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። በውርስም ሆነ በጋብቻ ጠብ ይመጣል።

እንግዲህ ዘንድሮ ቡናው ሲፈላ ደብተራችንን እናውጣ። "እማማ፣ የአባትሽ አባት ማን ይባሉ ነበር? የት ተወለዱ? ስንት ልጅ ወለዱ?" እያልን እንጠይቅ። አንድ በአንድ እንጻፈው። ጽሕፈታችን ቢጣመም ግድ የለም። የጻፍነውን መልሰን እናንብብላት፤ የተሳሳተውን ታርመዋለች። ልጆችም አጠገብ ተቀምጠው ይስሙ።

ሰባቱ ቤት በወረቀት ላይ ሲሰፍር አያት ራሷ ትገረማለች። የእናቷ ስም በጽሑፍ ሲነበብ የምትሰማው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። ሲነበብላት እንባዋ ቢመጣ አትደንግጡ።

መጸው አጭር ነው። ጤፉ ቢጫ ሲሆን ሁላችንም ወደ ማጭዱ እንመለሳለን። ከዚያ በፊት ወንዙን እንሻገር፤ ዘመዶቻችንን እንጠይቅ። ስንመለስም ያለ ዕዳና በጤና፣ ደብተራችንን ሞልተን እንመለስ።

መልመጃ

1. መጸው የሚባለው ወቅት ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው?
2. የባቲ ገበያ በምን ቀን ይውላል? ከደጋ ምን ይመጣል? ከበረሃስ?
3. በመስከረም የተበደረ ሰው በጥር ሲከፍል ለምን ይጎዳል? በራሳችሁ አገር የእህል ዋጋ ሒሳቡን ሥሩ።
4. "ወባ የሚመጣው ከእሸት ነው" ለሚል ጎረቤት ምን ብላችሁ ታስረዳላችሁ?
5. የምትሸጡትንና የምትገዙትን በዝርዝር ጽፋችሁ ወደሚቀጥለው ገበያ ይዛችሁ ሂዱ።
6. የአባታችሁንና የእናታችሁን ዘር እስከምታውቁት ድረስ ጻፉ። የማታውቁትን ስም ቦታ ክፍት ተዉለት። ከዚያም የሚያውቀውን ሰው ሄዳችሁ ጠይቁ።