አረጋውያን እንዳይወድቁ
ለጧሪዎች፣ ለቤተሰብና ለካቴኪስቶች የሚሆን ትምህርት

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 የአያቶችንና የአረጋውያንን ዓለም አቀፍ ቀን ከደነገጉ ወዲህ አረጋውያንን በየዓመቱ በጸሎት እናስባለን። ዛሬ የምናቀርበው ትምህርት ግን ስለ እግራቸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። በወላይታ አደጋው የራሱ መልክ አለው። በክረምት ቀዩ አፈር ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። በዚሁ አፈር ላይ ዘመናቸውን በባዶ እግር ከተመላለሱት አንዳንዶቹ እግራቸው አብጦ ይኖራሉ፤ ያበጠ እግር ይከብዳል፣ ልኩ የሆነ ጫማም በቀላሉ አይገኝለትም። (ይህ እብጠት ከአፈሩ የሚመጣ እንጂ እርግማንም ተላላፊም አለመሆኑን ካቴኪስቶች ደጋግመው ቢያስተምሩ መልካም ነው።) የዓይን ሞራ፣ በሌሊት ለሽንት በጨለማ መውጣት፣ የደም ግፊት መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ብድግ ሲሉ የሚመጣ ማዞርም በዚህ ላይ ይጨመራሉ።

ከጭቃውና ከጨለማው ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ግን የእኛው አክብሮት ነው። አረጋዊው ሊነሡ ሲሉ «ይቀመጡ አባባ፣ እኛ እናመጣለን» እንላለን። በመጦሪያ ቤትም ሥራ የበዛበት አስታማሚ ደግፎ ከማራመድ ይልቅ ተሸክሞ ማድረስ ይቀልለዋል። ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል፤ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰውም ፈርቶ ከመቀመጫው አይነሣም፤ ያ መቀመጥ ራሱ እግሩን አድክሞ ዳግመኛ ይጥለዋል። ቅዱስ ጴጥሮስ በመቅደሱ ደጃፍ የነበረውን ሽባ በቀኝ እጁ ይዞ አስነሣው እንጂ ተሸክሞ አላስገባውም (ሐዋ. 3)። ሰውየው የገባው በራሱ እግር ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት እንቅስቃሴ ቀላል ነው። ግድግዳ ተደግፎ ከማይንቀሳቀስ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፣ አቅም በፈቀደ መጠን እስከ ዐሥር ጊዜ። ከዚያም የአግዳሚውን መደገፊያ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፣ አስታማሚው አጠገብ ቆሞ ሳለ ለጥቂት ጊዜ በአንድ እግር መቆም። በቤታቸው በሚኖሩ አረጋውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለው ልምምድ መውደቅን ከአራት በአንድ እጅ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በመጦሪያ ቤት ያሉት ብዙዎቹ ደካሞች ስለሆኑ ልምምዱ እንደየሰዉ አቅም መመዘን አለበት።

ምርኩዝም ልክ አለው። ጫማ አድርገው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲቆሙ እጀታው ከእጅ አንጓ ትክክል ይዋል፤ የሚያዘውም ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙዎች በታመመው በኩል ይይዙታል። የሽንት ዕቃ አልጋ አጠገብ ማኖርና መብራት እጅ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አረጋዊ ሲወድቁ በክንዳቸው ስቦ ማንሣት አይገባም። አንድ እግራቸው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ ወይም መቆም ካልቻሉ፣ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት ጉዳቱን ያብሳል፤ ጠብቆ የታሰረ እንጨትም የደም ዝውውርን አግዶ እግሩን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ እግሩ ሳይንቀሳቀስ በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ራጅ ወደሚነሣበት ሆስፒታል ማድረስ ነው።