ማታ ማታ ሳፋ ይቅረብ

የዳንግላ ክረምት ጫማ ይፈትናል። ቀዩ ጭቃ ኮንጎውን ይዞ ያስቀረዋል፤ ባለቤቱ ይነቅለውና አንጠልጥሎት፣ እየሳቀ በባዶ እግሩ ይቀጥላል። ሳቁን እወድለታለሁ፤ ባዶ እግሩን ግን አልወድለትም።

«አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው!» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ በ1960 እ.ኤ.አ.። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ቶኪዮ ላይ ጫማ አጥልቆ ሮጠ፤ ከሮሙ ሰዓትም ከ3 ደቂቃ በላይ ፈጥኖ ገባ። ይቺን ሁለተኛዋን ለምን እንደማናወራት እንጃ።

ለአባት፣ ለእንግዳ ውሃ አሙቀን እግር እያጠብን አድገናል። ጸሎተ ሐሙስ ካህኑ እግራችንን ሊያጥብ ሲያጎነብስ ግን፣ የተሰነጠቀ ተረከዛችንን የምንሸሽግ ስንቶች ነን? በሉ፣ ዛሬ ማታ ተራው የራሳችን እግር ይሁን። ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በየጣቶቹ መሃል እየገቡ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ብዙ ሰው የሚዘላት ይቺን ነው፤ የጣት መሃል ነጭ ሆኖ የሚላጠውና የሚያሳክከው ደግሞ እርጥበት ሲያድርበት ነው። ተረከዝ ለነቃበት፣ ቆዳው ሲለሰልስ በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርጎ ፈግፍጎ፣ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ካልሲ አጥልቆ መተኛት። ሳትሰለቹ ከቀጠላችሁ ተረከዛችሁ የጋቢ ክር መምዘዙን ይተዋል! ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ መጁንም ምላጭ አይንካው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሳይዘፈዝፍ፣ ሳይፈገፍግ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

አንድ ነገር በቸልታ አትለፉ፦ እግር ማታ ማታ የሚያቃጥል፣ የሚያሳክክ፣ አብጦ አድሮ የሚጎድል ከሆነ የዝሆኔ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በእኛ ደጋ የሚታየው ዝሆኔ የቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ለዓመታት እየሰረገ የሚያመጣው ነው። ለአፈሩ ቶሎ የሚሸነፍ ቤተሰብ አለ እንጂ እርግማን የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቶሎ ከደረሱበት እብጠቱ ይቀንሳል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የሚያስተምሯችሁም ያንኑ ነው፦ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። ውሃው ላይ ትንሽ በረኪና ጨምሩ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ልኩን እነሱው ያሳዩዋችሁ።