ልዩ የቱቦ መፍቻ መግዛት ይገባናልን?

በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ የኮምባይነር ሃይድሮሊክ ቱቦ አፍስሶ ሥራ ሲቆም ያልታጨደው ስንዴ ለዝናብ ይጋለጣል። ስለዚህ የመፍቻ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም።

አፉ ክፍት የሆነው ተራ መፍቻ ስድስት ጎን ያለውን ዳዶ በሁለት ጎኑ ብቻ ይይዛል። ልዩው መፍቻ ግን ቱቦው የሚያልፍበት ክፍተት ያለው ቀለበት ስለሆነ አምስቱን ጎን ያቅፋል፤ የዳዶውም ማዕዘን በቀላሉ አይላጭም።

ታዲያ ሙሉውን ስብስብ እንግዛን? አያስፈልግም። የሃይድሮሊክ ቱቦ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ብረት ነውና ልካቸው የገጠመ ሁለት ተራ መፍቻዎች ይበቁታል፤ አንዱ ቱቦው እንዳይጠመዘዝ ይይዛል፣ ሁለተኛው ይፈታል። ለትንንሾቹና ለስላሳዎቹ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ዳዶዎች ግን ልዩውን፣ ያውም አዘውትረን የምንፈታውን ልክ ብቻ፣ መግዛት ይበጃል።

ከሁሉ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ ግፊቱም ይውረድ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳልና።